አዳኝ ሲጠብቅና ሲላላ

«ምን አድርጎህ ነው?»

ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ሞላሌ፣ አክስቴ ቤት፣ ምድጃ ከበን ተቀምጠናል። የሞላሌን የጥር ብርድ የማያውቅ ሰው መንዞች በርኖስን ለምን እንደፈጠሩት አይገባውም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ከቴክሳስ የመጣው የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ለዘመድ ያሳያል። ልጆቹን አሳየን፤ ተመረቁ። ቤቱን አሳየን፤ «እሰይ!» ተባለ። መኪናውንም አየን። ከዚያ ጣቱ ሲንሸራተት ሌላ ፎቶግራፍ መጣ። ራሱ ነው። ቅጠል የሚመስል ዝንጉርጉር ልብስ ለብሶ ተንበርክኳል፤ የአንድ የሞተ አጋዘን ቀንድ በሁለት እጁ ይዞ ቀና አድርጎታል፤ ይስቃል። የአጋዘኑ ዓይን ክፍት ስለሆነ እሱም አብሮ ካሜራውን የሚያይ ይመስላል።

አክስቴ ስልኩን ተቀብለው መጀመሪያ ራቅ፣ ቀጥሎ ቀረብ አድርገው አዩት። ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ ይሻላል።

«ምን አድርጎህ ነው?» አሉት።

«ምንም አላደረገኝም እማማ፣ አደን ነው እኮ።»

«እህል ገብቶ ነው?»

«ኧረ ጫካ ውስጥ ነው።»

«ርቦህ ነው?»

እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አክስቴ አልሳቁም። ልጁ ነገሩ ገብቶት «ሥጋውንማ እንበላዋለን» አለ፤ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ክፋቱ ቀጥሎ ያለው ፎቶግራፍ ነበር። አሥር አሥራ አንድ የሚሆኑ የዱር አሳማዎች፣ ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ ለቆጠራ እንደተሰለፈ ነገር ሣር ላይ ተደርድረዋል። «እነዚህንስ?» «እነዚህስ አይበሉም፤ ተጥለው ይቀራሉ።» አክስቴ ስልኩን ለባለቤቱ መልሰው ወደ ቡናቸው ዞሩ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ያችን ጥያቄ ይዣት አዲስ አበባ ገባሁ፤ እነሆ ዓመታት አለፉ፣ አሁንም አብራኝ አለች።

ለእህቴ ልጅ ፍትሕ ለመስጠት እሱ የነገረኝን ልንገራችሁ። በማግስቱ በእግር ስንንሸራሸር በዝርዝር አስረድቶኛል፤ ሲያስረዳ ደግሞ ጎበዝ ነው። የቴክሳስ መሬት ከመቶው 95 እጅ ያህሉ የግል ነው። በሕጉ መሠረት የዱር እንስሳው የሕዝብ ነው፤ በሩና አጥሩ ግን የባለመሬቱ ነው። ስለዚህ ባለመሬቱ አጋዘኑን አይሸጥም፤ የሚሸጠው መግቢያውን ነው። ከብት አላዋጣ ያለው ባለርስት መሬቱን በዓመት ለአዳኞች ያከራያል። አዳኙ ከፍ ያለ ማማ ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ በቆሎ በሰዓቱ የሚረጭ በርሜል ቆሟል። አጋዘኑ የበቆሎውን ሰዓት ያውቃል። ሲመጣ ይተኮሳል።

«ይኼማ ደጅ ጠርቶ መግደል ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! በግህን ጨው እያላስክ አይደል የምታርደው?» አለኝ። ዝም አልኩ፤ መልስ አልነበረኝም።

የአሳማው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ይዘውት ገቡ፤ አመለጠ፣ ተራባ፣ ከሌላ ዝርያ ጋርም ተዳቀለ። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በአንድ ሌሊት ማሳ ይገለብጣል፣ ምንጭ ያደፈርሳል። ከዚህ የተነሣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቲቱ ሕግ ሰው ከፍሎ ከሄሊኮፕተር ላይ እንዲተኩስበት ፈቅዷል። እንግዲህ አክስቴ ይህን ቢሰሙ «እህል ገብቶ ነው?» ላሏት ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ ገብቶ ነው» ሊሆን ነው። የጀማን ገደል ወርዶ ማሽላ የሚጠብቅ የመርሐቤቴ ገበሬ ከርከሮን ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ ኃጢአት ነው ያለውም የለም። ክርስቲያኑ አይበላውም፣ ለውሻና ለጅብ ይተወዋል። በዚህ በኩል የቴክሳሱ ገበሬና የመርሐቤቴው ገበሬ ወንድማማቾች ናቸው።

ብቻ አንድ ልዩነት አለ። የመርሐቤቴው ገበሬ ከርከሮ ለመግደል ከፍሎ አያውቅም። ማታ ማታ ማሽላው ውስጥ የሚያድረው ቸግሮት ነው፤ ከርከሮው ባይመጣ ደስታውን አይችለውም። ሄሊኮፕተር የተከራየው ሰውዬ ግን አሳማው ባይመጣ ያዝናል፤ ገንዘቡ እንዲመለስለትም ይጠይቅ ይሆናል። ሁለቱም አሳማ ገደሉ። አንደኛው ነገሩ ባይኖር ይወዳል፣ ሁለተኛው ነገሩ እንዲኖር ይፈልጋል። የአክስቴ ጥያቄ የምትቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከድርጊቱ ይልቅ የምትመረምረው ምክንያቱን ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ወደ ዋናው ምሽጉ ገባ። «የግል መሬት ነው፤ ከፍያለሁ፤ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ማንን በደልኩ?»

«የግል» የሚለው ቃል በዘመናችን ትልቅ ጉልበት አግኝቷል። አንድ ነገር የግል ከሆነ ጥያቄ ያበቃ ይመስለናል። እስቲ ወደ መንዝ እናምጣው። በሬ የገበሬው የግል ነው፤ ከበሬ የበለጠ የግል ነገር የለውም። ቢፈልግ ያርሰዋል፣ ቢፈልግ ይሸጠዋል፣ ሲያረጅ አድልቦ ያርደዋል። አንድ ቀን ግን ይኸው ገበሬ በሬውን መስክ ላይ አቁሞ፣ ለሥጋው ሳይሆን እንዲያው ለጨዋታ ብሎ በጥይት ቢመታው መንደሩ ምን ይላል? «የራሱ በሬ ነው፤ ምን አገባን» የሚል አንድ ሰው አይገኝም። «አበደ» ይሉታል፤ ጠበል ይውሰዱት ይላሉ። እንግዲህ ባለቤትነት ሌላው ሰው እንዳይነካብህ ይከለክልልሃል እንጂ አንተ የምታደርገውን ሁሉ ትክክል አያደርግልህም። አጥር የሚመልሰው ለጎረቤት ነው። ለበሬው የሚመልስለት ነገር የለም።

በእኛ አገርማ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግል የአደን መሬት የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ይሁን እንጂ የአደን ቀጠና አለን። በአርሲና በባሌ ተራሮች ሙነሳ፣ ሃንቶ፣ አባሸባ ደመሮ የሚባሉ ቦታዎች ለአደን አስጎብኚዎች በውል ተሰጥተው ኖረዋል። የውጭ አገር አዳኞች ወደዚያ የሚመጡበት ዋናው ምክንያት የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፤ ሳይንስ ያወቀውም በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ለአንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን አንድ አዳኝ ጠቅላላ ወጪው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። አንባቢዬ፣ የድሮው የአሥር ሳንቲም ገንዘብ እጅዎ ላይ ካለ ገልበጥ ያድርጉት። ከአንበሳው ጀርባ ቀንዱን ጠምዝዞ የቆመው እሱ ነው። በልጅነታችን ከረሜላ ስንገዛበት ማንነቱን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ የቴክሳሱን ሰው ለመውቀስ ጣት ስንቀስር እጃችን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ማን ነው ግዳይን እንደ እኛ ያከበረ? ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ሰው ቅቤ ተቀብቶ፣ በዘፈን ታጅቦ የሚገባበት አገር ነበር። ለሥጋው አልነበረም፤ የዝሆን ሥጋ ማን ይበላል? ለስሙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ላይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሱን የቻለ የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። ሕግ የሚወጣው የሚታገድ ነገር ሲኖር ነው። ቋንቋችንም ይመሰክርብናል። «ገዳይ» ማለት በሌላው አገር ወንጀለኛ ነው፤ በእኛ ግን የሙገሳ ስም ነው። አንዲት ሴት ፍቅረኛዋን «ገዳዬ» ብላ ታቆላምጠዋለች። ይህን ለባዕድ መተርጎም እንዴት እንደሚያስቸግር ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ልጁ ቴክሳስ ሄዶ ከሞተ አጋዘን ጋር ፎቶግራፍ ቢነሣ «ይኼን ከማን ተማረ?» ሊል አይችልም። ልዩነቱ የድሮው ገዳይ አንበሳውን ሲገጥም እሱም ሊሞት ይችል ነበር። የበቆሎ በርሜል ፊት የተቀመጠውን የሚገድለው ምናልባት ከማማው መውደቅ ነው።

ቋንቋን ካነሣሁ አይቀር «አዳኝ» የሚለውን ቃል ተመልከቱልኝ። ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ሁለት ሰዎች በአንድ ልብስ ይሄዳሉ። «ደ»ን አጥብቃችሁ ስታነቡት ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ ነው፤ አላልታችሁ ስታነቡት ከሞት የሚያተርፈው ነው። «ያድናል» ብላችሁ ጻፉና ለሁለት ሰው ስጡት፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ይፈውሳል። («ይጠብቃል» የሚለው ቃል ራሱ ሲጠብቅና ሲላላ ሌላ ሌላ ነው፤ ግን በዚህ ከቀጠልኩ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።) የሚገርመው ነገር የዘመኑ የአደን ክርክር በሙሉ በዚህች በአንዲት ፊደል ማጥበቅና ማላላት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የአደን ወዳጆች የሚሉት አጭር ነው፤ የሚያድነው ነው የሚያድነው ይላሉ። እናንተ እንደፈለጋችሁ አንብቡት።

ክርክራቸው ደግሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በሰሐራ ዳርቻ ይኖር የነበረ ቀንዱ እንደ ማጭድ የታጠፈ የሳላ ዘር ነበረ። በጦርነት፣ በድርቅና ልጓም በሌለው አደን አለቀና በ2000 እ.ኤ.አ. ከበረሓ ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በቴክሳስ የግል መሬቶች ላይ፣ ከፍሎ ለሚያድን ሰው ተብሎ፣ በሺዎች ይራባ ነበር። በኋላ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡት ዘሮች አቡ ዳቢ ላይ ተዘጋጅተው ወደ ቻድ ተመለሱ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሳላው ከ«ጠፋ» መዝገብ ወጣ። በአገሩ የፈጁት ነፃ አዳኞች ነበሩ፤ በሰው አገር ዘሩን ካቆዩለት አንዱ የአዳኝ ገንዘብ ነው። ይህን እውነት ዓይን ጨፍኖ ማለፍ አይቻልም።

የራሳችንንም ታሪክ እንይ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ ዘበኛው ሲበተን የፓርኩ የደጋ አጋዘን በጅምላ ተፈጀ። ለምን? ረሀብ ብቻ አይመስለኝም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ ባለቤቱ መንግሥት ነበረ፣ መንግሥቱ ደግሞ ሄደ። በአካባቢው ሰው ዓይን ያ እንስሳ የእሱ አልነበረም፤ ከግጦሹ ያስነሡት ሰዎች ንብረት ነበረ። ብዙ ሰው የሚተኩሰው በእንስሳው ላይ ይመስለናል እንጂ በጌታው ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከሞላሌ ብዙም የማይርቀውን ጓሳን ተመልከቱ። ከሰባት ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የጋራ ሣር ነው። የመንዝ አባቶች አስቦና ጌራ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለይተው እንዳስቀመጡት ይነገራል። ተወላጁ ራሱ አለቃ መርጦ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም በቀኑ ማጭዱን ይዞ ወጥቶ ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ያጭዳል። ሲዘጋ የገባ ሰው ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የተወላጅነቱን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳም ተጎዳ፤ ሰዉ ግን ዝም ብሎ አልተወውም፤ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ጠበቀው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ መሆኑን በሕግ አጸናለት። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከአምስት መቶ ብዙ ያልዘለለው ቀይ ቀበሮ ከቀሩት መጠለያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ አስቦና ጌራ ቀበሮ እናድን ብለው አልነበረም። ሣር እንጠብቅ ብለው ነበር። ሣሩ አይጡን አኖረ፣ አይጡ ቀበሮውን አኖረ። በጓሳ ሣር ላይ የዋለ አዳኝ ቃሉ የሚነበበው በማላላት ነው፤ ይህም የሆነው ያለ ቱሪስትና ያለ ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ «የኔ» የሚለው ቃል በራሱ ክፉ አይደለም። መንዜው «የኔ» ብሎ ሦስት መቶ ዓመት ጠበቀ፤ የባሌው ገበሬ «የኔ አይደለም» ብሎ ፈጀ፤ ቴክሳሳዊው «የኔ ነው» ብሎ ያራባል፣ «የኔ ነው» ብሎም ይገድላል። የጓሳው «የኔ» ግን ብቻውን የሚቆም አይደለም። የአባቴ ነበረ፣ የልጄም ይሆናል፣ ጎረቤቴም ድርሻ አለው የሚል «የኔ» ነው። ከዚያ ሣር አንድ ሰው ተነሥቶ «ዛሬ ደስ ስላለኝ ላቃጥለው» ቢል አይችልም።

ይህን ሁሉ የማወጋው ጉዳዩ የፍልስፍና ብቻ ስላልነበረ ነው። የእህቴ ልጅ ለጉብኝት ብቻ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጓሳ ወጥተን ገደሉ አፋፍ ላይ እንደቆምን ሐሳቡን ነገረኝ። ጓሳን እንደማይነካ ያውቃል። ከዚያ በታች ባሉት ሸለቆዎች፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ተስማምቶና ከመንግሥት ቦታውን በውል ወስዶ፣ አነስተኛ የአደን ቀጠና ማቋቋም ይፈልጋል። ድኩላ አለ፣ ሰስ አለ፣ ከርከሮ ሞልቷል። «ለጭላዳም የሚከፍል አለ ጋሼ» አለኝ። ገንዘቡ ትምህርት ቤት ይሠራል፣ ለጠባቂዎች ደመወዝ ይሆናል፣ ወጣቱ ወደ ዓረብ አገር መሰደዱን ይተዋል። እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ስስት አላየሁም። የተወለደበትን አገር ለመርዳት የሚያውቀውን መንገድ ይዞ መጥቷል። ከእኔ የፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ሽማግሌዎቹን እንዳነጋግርለትና ማመልከቻውን በጥሩ አማርኛ እንድጽፍለት።

ጭላዳ ሲለኝ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ።

የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ገብስ እጠብቅ ነበር። የመንዝ ልጅ ሁሉ ጠብቋል። ጭላዳ ከገደሉ ይወጣል፣ መንጋው ገብሱ ውስጥ ይገባል፣ በወንጭፍና በጩኸት ትመልሰዋለህ። ነገ ይመጣል፣ ነገም ትመልሰዋለህ። አንድ ቀን መንጋውን አባርሬ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኘሁት። ሁሉም ወረዱ። አንዲት እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ ኋላ ቀረች፤ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ዞራ አየችኝ። ወንጭፌ ውስጥ ድንጋይ ነበረ። ወረወርኩ። እውነቱን ለመናገር ይመታል ብዬ አላሰብኩም፤ ደግሞም አስቤያለሁ። ራሷን መታኋት። ወዲያው አልወደቀችም፤ ተንገዳግዳ፣ በእጇ ሣር ይዛ ቆየች። ከዚያ ወደቀች። ግልገሉ ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ለማየት አልቀረብኩም።

ማታ ቤት ገብቼ ፎከርኩ። በእርግጥ ነው የምላችሁ፣ ዘነዘና ይዤ ምድጃው ዙሪያ እየተንጎራደድኩ ዘራፍ አልኩ። ታላላቆቼ ሳቁ። አባቴ ጅራፍ እየገመዱ ነበር፤ ሥራቸውን ሳያቆሙ «ገብሱ ውስጥ ነበረች?» አሉኝ።

«አይ፣ ወጥታ ነበር» አልኩ።

«ወጥታ ነበር» ብለው ደገሙት። ቁጣ የለ፣ ምክር የለ። ጅራፋቸውን መግመድ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ፎክሬ አላውቅም።

ስለዚህ ከእህቴ ልጅ ጋር ስከራከር ከላይ ወደ ታች አልነበረም። ያ ድንጋይ ከእጄ ሲወጣ የተሰማኝን ነገር አውቀዋለሁ። ደስታ ነው። ሌላ ስም የለውም። የእህቴ ልጅ ደግሞ «የሚያስደስተኝ መግደሉ አይደለም» ይላል። ጎህ ሳይቀድ ማማው ላይ መቀመጡ፣ ዝምታው፣ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ልብ መምታቱ፣ በሳምንት ስድሳ ሰዓት ከሚሠራበት ሥራ መገላገሉ ነው ይላል። አምነዋለሁ። «ታዲያ ካሜራ ይዘህ ለምን አትቀመጥም?» አልኩት። ብዙ አሰበ። «ያው አይሆንም» አለ በመጨረሻ። ስፔናዊው ፈላስፋ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት በ1942 እ.ኤ.አ. ለአንድ የአደን መጽሐፍ በጻፈው መቅድም ተመሳሳይ ነገር ይከራከራል፤ ሞቱ ዓላማው ባይሆንም ሞት የሌለበት አደን ግን ጨዋታ ብቻ ይሆናል ይላል። የተማረ መልስ ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ ለእኔ ዝምታ ትርጉም ይኖረው ዘንድ ሌላው መሞት ካለበት ያ ዝምታ ውድ ነው፤ የሚከፍለውም እኔ አይደለሁም።

ወዲያው ግን ራሴን እታዘባለሁ። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ገብቼ «ከሻኛው ጨምርልኝ» ስል በሬው ዓይን እንደነበረው ትዝ አይለኝም። የእህቴ ልጅ ቢያንስ የሚበላውን አጋዘን ዓይኑን አይቶታል፣ ቆዳውን ገፍፎታል፣ ሸክሙን ተሸክሞታል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት መካከል ዋላንና ሚዳቋን ይቆጥራል፤ አዳኝን አይረግምም። ለበላው አጋዘን ከእኔ ይልቅ እሱ ሐቀኛ ነው። የምጣላው ከተጥሉት አሳማዎች ጋር ከተነሣው ፎቶግራፍ፣ ከሣቁ፣ ከተሰለፉት ግልገሎች ጋር ነው። ሰው ተባይ ያጠፋል፤ ተባይ አጥፍቶ ግን ሠርግ አይደግስም። አባቶቻችን በግ ሲያርዱ «በስመ አብ» የሚሉት ለበጉ ምንም አይፈይድለትም፤ ለአራጁ ነው። እጁ ለአፍታ ቆም እንዲል ነው።

ሽማግሌዎቹን አነጋገርኳቸው። ሦስት ነበሩ። ገንዘቡን ሲሰሙ ተያዩ፤ አንደኛው ትምህርት ቤቱ ስንት ክፍል እንደሚሆን ጠየቁ፤ ሌላው ውሃ እንደሚሻል ተናገሩ። ድሃ ናቸው፤ የሚሸጥ ነገር አለ ሲባሉ መስማታቸው አይፈረድባቸውም። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ክብራችሁን ጠብቁ» ማለት ቀላል ነው፤ ክዳኑ የሚያፈስ ትምህርት ቤት የሚማረው የእኔ ልጅ አይደለም። ሦስተኛው ሽማግሌ ብቻ «ከርከሮውን እንኳ ራሳችን በነፃ እንገድለዋለን፤ ጭላዳውን ግን ፈረንጅ ምን አድርጎት ነው?» አሉ። ከአክስቴ ጋር አልተማከሩም። ጥያቄው የአገሩ ነው መሰለኝ።

ማመልከቻውን ጻፍኩለት። ሦስት ገጽ ሆነ፤ አማርኛው መጥፎ አይደለም። የማኅበረሰቡን ጥቅም በሚመለከተው ክፍል ብዕሬ ሮጠ፤ የማምንበት ነገር ነበርና። «በዓመት የሚታደኑ እንስሳት ዓይነትና ብዛት» የሚለው ሠንጠረዥ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የድኩላን ቁጥር ለመጻፍ ሞከርኩ። የከርከሮውን ጻፍኩ። ጭላዳ የሚለው መስመር ላይ ምንም ልጽፍ አልቻልኩም፤ አንድ ብዬ እንኳ። ባዶ ትቼ «ይህን አንተው ሽማግሌዎቹን ጠይቀህ ሙላው» ብዬ ላክሁለት።

«ጋሼ፣ ቁጥር እኮ ነው» ብሎ ደወለልኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ቅር ብሎት ወደ ቴክሳስ ተመለሰ። ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በራሱ በክልሉ ውስጥ ተኩስ ተጀመረና ስለ እንግዳ አዳኝ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ሰው ሰውን በሚያድንበት ጊዜ ስለ ድኩላ ማንሣት ያሳፍር ነበር፤ ቃሉን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ። አክስቴ በዚያው መካከል ዐረፉ፤ ለቀብራቸው መድረስ አልቻልኩም።

የእህቴ ልጅ አሁንም በበዓል በበዓል ይደውላል። ባለፈው ኅዳር የአደን ጊዜው እንደሆነ ስለማውቅ «ወጣህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወጥቷል። አንድ አጋዘን ጥሏል፤ ሥጋውን ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተካፍለውታል። «አሳማዎቹስ?» አልኩት። «እነሱም መጥተው ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቅሁት። የማመልከቻው ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሠንጠረዡም እንደነበረ ነው።